ለድልድይ ጠባቂው የቀረችለት ቃል

ሰው ምላሱ ሲያዝ የትኛው ቃል እንደሚተርፍለት አይመርጥም። አንዳንዱ ስድብ ይቀርለታል፣ አንዳንዱ የእናቱ ስም። የድልድይ ጠባቂው ግን ዕድሜውን ሙሉ የሠራባቸው ሁለት ቃላት ነበሩት፤ «ቁም» እና «እለፍ»። ሕመሙ ሁሉን ጠራርጎ ወስዶ አንዷን ብቻ ተወለት። እሷም የማትረባዋን። የማትረባ ያለቻት ሚስቱ ናት፤ ለምን እንዳለች ወደፊት ትሰሙታላችሁ።

ድልድዩ በድንጋይና በኖራ የተሠራ፣ የከተማውን ሁለት ዳርቻ ይዞ የኖረ ሽማግሌ ነው። መኪና ከተከለከለበት ቆይቷል፤ እግረኛና ጋሪ ግን ቀኑን ሙሉ ይመላለስበታል። ጠባብ ስለሆነ ሁለት ጋሪ ጎን ለጎን አያሳልፍም። ስለዚህ ጫፉ ላይ ጠባቂ ይቆማል። ከወዲያ ጋሪ ሲመጣ የወዲህኛውን «ቁም» ይላል፣ መንገዱ ሲለቀቅ «እለፍ» ይላል። በቃ፣ ሥራው ይኸው ነው። ቀላል ይመስላል እንጂ፣ የቸኮለ ባለጋሪን በአንዲት ቃል ቀጥ የሚያደርግ ድምፅ ተፈልጎ አይገኝም። የእሱ ድምፅ እንዲያ ነበር። «ቁም» ካለ እንኳን ባለጋሪ፣ መንገደኛ ውሻም ይቆማል ይሉ ነበር። ሰፈሩ ግን ደግ ደጉን ወስዶ «ጋሼ እለፍ» አለው፤ ትክክለኛ ስሙን የሚያስታውስም አልነበረ።

ቤቱ እዚያው ድልድዩ ውስጥ ነው። በመጨረሻው ቅስት ሥር በድንጋይ የተዘጋች አንዲት ክፍል፣ አንድ በር ወደ መንገዱ፣ አንድ መስኮት ወደ ወንዙ። ጣሪያዋ ድልድዩ ራሱ ነው። ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ የስፌት መኪናዋን ከመስኮቱ ሥር አስቀምጣ፣ ከራሷ በላይ ሰው ሲመላለስ እየሰማች የሰው ሱሪ ስታሳጥር ኖራለች። ሙሽራ ሆና የገባች ሰሞን ኮቴው እንቅልፍ ነስቷት፣ «እንዴ፣ ገበያ ሥር ነው እንዴ ያገባኸኝ?» ብትለው፣ «ከለመድሽው በኋላ ዝም ሲል ነው እንቅልፍ የሚነሳሽ» አላት። እውነቱን ነበር።

ሕመሙ ሥራው ላይ እንደቆመ ጣለው። ግማሽ ጎኑ ከዳው፣ ምላሱ ተያዘ። ሐኪም ቤት ነጭ አንሶላ ላይ ተኝቶ ሳለ አፉን ዘጋ። ማንኪያ አላስገባም አለ። ሐኪሙ ሞከረ፣ ነርሷ ሞከረች፣ ሚስቱ በሞቴ እያለች ለመነችው፤ ወይ ፍንክች። ተስፋ ቆርጠው ቤቱ ሰደዱት። እዚያች ክፍል ውስጥ አልጋው ላይ እንዳስተኙት፣ አንድ መንገደኛ ጫማውን እያንቋቋ በላያቸው ሄደ። ያን ጊዜ ጠባቂው ደህናውን እጁን ብድግ አደረገና «እለፍ» አለ። ወዲያው አፉን ከፈተ። ሾርባውን ጥርግ አድርጎ ጠጣ። እሷ ማንኪያውን እንደያዘች እንባዋ ሳህኑ ውስጥ ይንጠባጠብ ነበር።

ከዚያ ቀን ወዲህ ማንም ምንም ቢል እሷ አንድ ነገር ታውቃለች። ይህ ሰው የሚኖረው ኮቴ እየሰማ ነው። ከዚያ ጣሪያ ሥር ካወጡት አፉን ይዘጋል፤ አፉን ከዘጋ ደግሞ አለቀለት።

«እለፍ» ለሁሉም ነገር ሆነች። ራበኝም እለፍ ነው፣ አመመኝም እለፍ ነው፣ ተይኝም እለፍ ነው። ለሴትም እለፍ፣ ለብዙ ሰውም እለፍ። ራስዎን ይነቅንቁ ቢሉት ከቃሏ ጋር አብሮ ይነቀንቃል፣ ለእሺም ለእምቢም ያው ነው። እጁም ያቺኑ የማሳለፊያ ምልክት እንጂ ሌላ አያውቅም። ሚስቱ ከድምፁ አወራረድ ትለየዋለች፤ ሌላው ሰው ግን ግራ ይገባዋል። ጺሙን ሊላጨው የሚመጣው ጎረቤታቸው ፀጉር አስተካካይ ይቀልድበት ነበር።

«ጋሼ፣ ጺሙን ላንሳው?»

«እለፍ።»

«ቅንድቡንስ?»

«እለፍ።»

«እንዲህ ያለ ደንበኛ የት ይገኛል፤ ጆሮዎን ልቁረጠው ብላቸው እኮ ይፈቅዱልኛል» ይላል ወደ ሚስቱ ዞሮ። እሷም ከት ብላ ትስቅ ነበር። ያ ሳቅ በኋላ አንገበገባት።

ድልድዩ የተጠበቀ ቅርስ ነው፤ መንካት ክልክል መሆኑን የሚናገር ሰሌዳ ተተክሎለታል። እሷም የዚያ ሰሌዳ እስረኛ ናት። ግድግዳዋ ላይ ምስማር መምታት እንኳ አይፈቀድላትም፤ የደንበኞቿን ልብስ የምትሰቅለው ከመስኮቱ ብረት እስከ አልጋው ራስጌ በተዘረጋ ገመድ ነው። ባለፈው ክረምት ጎርፍ ትልቅ ግንድ ይዞ መጥቶ የቅስቱን እግር መታው። ከአልጋው ራስጌ ተነስቶ ወደ ጣሪያው የሚሄድ ስንጥቅ ወጣ። መጀመሪያ መርፌዋን ያስገባ ነበር። ክረምቱ ሲወጣ ትንሿን ጣቷን ያስገባ ጀመር።

በበጋው መጨረሻ የቅርስ ባለሙያዋና የሥራ መሪው መጡ። ባለሙያዋ ገና ወጣት ናት፤ ድንጋዩን ስትነካው የሕፃን ራስ የምትዳብስ ነው የሚመስለው። ስንጥቁን አየችና ፊቷ ጠቆረ።

«እማማ፣ ክረምት ሳይገባ ቅስቱ ከዚህ ከውስጥ መደገፍ አለበት። ስንጥቁም በኖራ መሞላት አለበት። ክፍሉ ባዶ ካልሆነ አይሠራም፤ የኖራ ብናኝ ደግሞ ለሳቸው መርዝ ነው» አለቻት።

«ካልተሠራስ?»

«ካልተሠራ ለእግረኛም እንዘጋዋለን። የባሰውን አያምጣው እንጂ።»

ሚስቲቱ ይህን ሰማችው፤ ግን ልቧ አልጋው ላይ ነበረና አልያዘችውም።

ጠባቂን ከዚያች ክፍል ማንም ብድግ አድርጎ አያስወጣውም። ሲቀጠር የተገባለት ቃል ነው፤ በሕይወት እስካለ ክፍሏ የእሱ ናት፣ የሚወጣውም በገዛ አንደበቱ ሲለቅ ብቻ ነው። ቅርሱን የሚጠብቀው ሕግ ይህንንም ቃል ይጠብቃል። ስለዚህ ሊጠይቁት አልጋው ዳር ቆሙ። የሥራ መሪው ጎንበስ ብሎ፣ መስማት የተሳነው ሰው ይመስል ጮክ አድርጎ ጠየቀው።

«ጋሼ፣ ቧንቧ ያለው ንጹሕ ቤት ከከተማው ዳር ተዘጋጅቶልዎታል። ይህን ክፍል ይለቁልናል ወይ? ሥራችንን እንቀጥል?»

ጠባቂው እጁን አነሳ። «እለፍ» አለ፣ ጥርት አድርጎ።

«ይኸው፣ እለፍ አሉን» አለ የሥራ መሪው።

ሚስቱ ብድግ አለች። በሁለቱ መካከል ገባች። «ኧረ የሰው ያለህ፣ እሱ ሌላ ቃል የለውም። ግደሉኝ ወይ ብትሉትም እለፍ ነው የሚላችሁ። ጠይቁት እስቲ፣ ድንጋይ ትበላለህ ወይ በሉት።»

የሥራ መሪው ትከሻውን ነቀነቀ። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ ክረምቱ ደጅ ላይ ነው፣ ድልድዩ ቢወድቅ የሚጠየቀው እሱ ነው። ባለሙያዋ ግን ወደ ሚስቲቱ ዞረች።

«እማማ፣ ሕጉ የሚለው በአንደበታቸው ነው። እኔ ልባቸውን ላነብ አልችልም። ሐሙስ ተመልሰን እንመጣለን። ያን ጊዜ ሌላ ቃል ካወጡ፣ አንዲት ብቻ ትሁን፣ እምቢታ ነው ብዬ እቀበላለሁ። እለፍ ካሉ ግን እናወጣቸዋለን።»

እንግዲህ ሥራ ተጀመረ። ሚስቲቱ መርፌና ክሯን ወዲያ ጥላ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ባሏን ታስተምር ገባች። «በል የኔ ጌታ፣ ቁ... ም። ቁም። ታውቃታለህ እኮ፣ ስንቱን ያቆምክባት ናት።» አፏን እያየ ከንፈሩን ያሾላል፣ ይታገላል፣ የአንገቱ ደም ሥር ይገታተራል፤ በመጨረሻ የምትወጣው «እለፍ» ናት። ትቆጣዋለች። መልሳ ትስመዋለች። ቆማ ታሳየዋለች፤ «እይ፣ እኔ ምን ሆንኩ? ቆምኩ። ምን በለኝ?» «እለፍ።» አንድ ከሰዓት በኋላማ ትዕግሥቷ አልቆ፣ «አንተ ሰው፣ ያችኛዋ ብትቀርልህ ምን ነበረበት። ምን ታደርግልኛለች ይቺ የማትረባ» ብላ ጮኸችበት። ዐይኑ እንባ አቀረረ። እሷም ራሷን ጉልበቱ ላይ ደፍታ አለቀሰች። እሱ ደህናውን እጁን ፀጉሯ ላይ አሳርፎ፣ በቀስታ፣ «እለፍ... እለፍ...» አላት። ይቅር ብያለሁ ማለቱ እንደሆነ ገባት፤ የባሰ አለቀሰች።

ሐሙስ መጡ። ባለሙያዋ ራሷ ጠየቀችው፣ በለሰለሰ ድምፅ። «አባቴ፣ ከዚህ ክፍል መውጣት ይፈልጋሉ?»

ጠባቂው ሚስቱን አያት። ከንፈሩን አሾለ፣ እንዳስተማረችው። ሚስቲቱ እስትንፋሷን ያዘች፤ የሥራ መሪው እንኳ አንገቱን አሰገገ። ከንፈሩ ተንቀጠቀጠ፣ ተንቀጠቀጠና ተፈታ።

«እለፍ» አለ።

ከዚያ ወዲያ ምን ይባላል። ሠራተኞች ቃሬዛ አስገቡ። የሚወስደው መኪና ድልድዩን መሻገር ስለማይችል ከወዲያ ማዶ ነው የቆመው፤ ጠባቂውን ተሸክመው መሻገር ነበረባቸው። ሚስቲቱ አልጋውን ይዛ አልለቅም አለች፤ ፀጉር አስተካካዩ ጣቶቿን አንድ በአንድ አላቀቃት። ከኋላ ከኋላ ትከተላቸዋለች። «አፉን ይዘጋል፣ ብያችኋለሁ፣ አፉን ይዘጋል» ትላለች እየደጋገመች። የሚሰማት የለም።

ድልድዩ መካከል ሲደርሱ ከወዲያ ጎመንና ድንች የጫነ ጋሪ ብቅ አለ። ድልድዩ አንድ ወገን እንጂ ሁለት አያሳልፍም፤ ጠባቂው ከታመመ ወዲህ ደግሞ ጫፉ ላይ የሚያቆም የለም። ባለጋሪው ቸኩሏል፣ ከነፍጥነቱ ገባበት።

«ቁም።»

ጋሪው ቀጥ አለ። ቃሬዛውን የያዙትም ቀጥ አሉ። ከኋላ የመጡ እግረኞችም ቆሙ፤ የሥራ መሪው ራሱ አንድ እግሩን እንዳነሳ ቀረ። ያቺ ድምፅ ያው ጥንት የሚያውቋት ድምፅ ነበረች፣ ምንም አልደከመች። ጠባቂው ቃሬዛው ላይ ተኝቶ ደህናውን መዳፉን ወደ ጋሪው ዘርግቷል።

ሚስቲቱ ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጫነች። ለካ ቃሏ አልጠፋችም፤ ያለችው ድልድዩ ላይ ነበር። ጋሪ በሌለበት አልጋ ላይ አስተኝታ ከየት ታመጣታለች። ሞኝነቷን ረገመች።

«ለጋሪው ነው ያሉት እኮ» አለ የሥራ መሪው።

«ለማን እንዳሉ አልጠየቅሁም» አለች ባለሙያዋ። «ሌላ ቃል ብዬ ነበር፣ ሌላ ቃል አወጡ። መልሷቸው።»

መለሱት። ያን ቀን ሾርባውን ጠጥቶ ሌላ ጨመረ። ሚስቲቱ የባለሙያዋን እጅ ይዛ ስትስም፣ ባለሙያዋ እጇን ነጠቀች። ደስ ያላት አትመስልም ነበር። ሠራተኞቹ ቅስቱን ከውጭ በኩል ብቻ በግንድ ደገፉት። ሲወጡ ባለሙያዋ ለሥራ መሪው ዝግ ባለ ድምፅ «ቀሪው ከሳቸው በኋላ ይሠራል» ስትለው ሚስቲቱ በመስኮቱ ሰማች። ከሳቸው በኋላ። ቀን ሙሉ ስትሰፋ ቃሉ ጆሮዋ ውስጥ እንደ ትንኝ ሲጮህ ዋለ።

ክረምቱ ገባ፤ እንዲያውም ጨክኖ ገባ። ወንዙ ቀይ ሆኖ የድጋፉን ግንድ ይገፋው ጀመር። ስንጥቁ ሁለት ጣቷን ዋጠ። አንድ ጠዋት የድልድዩ ሁለት ጫፎች በሳንቃ ተዘግተው ተገኙ፤ ማንም እንዳያልፍ።

ክፍሏ ዝም አለች።

ጠባቂው ጣሪያውን ያያል። እጁን በከፊል ያነሳል፣ ይጠብቃል፣ መልሶ ያወርዳል። ቁርስ አልበላም አለ። ምሳም። ማንኪያውን ከንፈሩ ላይ ስታደርገው ጥርሱን ነከሰ። ባለሙያዋ ያኔ «ለእግረኛም እንዘጋዋለን» ማለቷ አሁን ነው ለሚስቲቱ የበራላት። ከኮቴው እንዳይለይ ስትታገል፣ ኮቴውን ራሱን ያስቆመችው እሷ ናት።

በዝናቡ ሮጣ ከባለሙያዋ ቢሮ ደረሰች። ወለሉን እያረጠበች፣ «አውጡት» አለች። «እሺ ብያለሁ። አውጡትና ሥሩት። ቶሎ ሥሩትና ሰው ይሂድበት፣ ከዚያ ትመልሱልኛላችሁ።»

ባለሙያዋ ከወንበሯ ተነስታ ትከሻዋን ያዘቻት። «እማማ፣ በዚህ ጎርፍ ማን ይሠራል? ጊዜው አለፈ።»

«ታዲያ ክፈቱት።»

«ሰው ይዞ ቢወርድስ? እናንተም ብትወጡ ይሻላል፣ እለምንሻለሁ።»

«የት? እዚያስ ኮቴ አለ?» አለቻትና ወጣች።

ቤቷ ስትደርስ በቀጥታ ከአልጋው ሥር የባሏን የሥራ ጫማ አወጣች፤ ተረከዙ ብረት የተመታበት ነው። ለእግሯ ሰፊ ስለሆነ ጨርቅ ጎሰጎሰችበት። መስኮቱን ወለል አድርጋ ከፈተች። ሳንቃውን ሾልካ ድልድዩ ላይ ወጣችና በዝናቡ መሄድ ጀመረች፣ ድንጋዩን በተረከዟ እየመታች። ከአልጋው በላይ ስትደርስ ከታች፣ በመስኮቱ በኩል፣ ደከም ያለች ድምፅ መጣች።

«እለፍ።»

ያን ሁሉ ዘመን አብራው ኖራ፣ እንደ መንገደኛ አሳልፏት አያውቅም ነበር። ሮጣ ወረደች፣ ሾርባውን አቀረበች፤ አፉን ከፈተ። ጥቂት ዋጠና ዝም ሲልበት መልሶ ዘጋ። እንደገና ወጣች። እንደገና ወረደች። ላይ ስትሆን የሚያጎርሰው የለም፣ ታች ስትሆን የሚሄድለት የለም። ፀጉር አስተካካዩ አይቶ አላስችል ቢለው አንድ ቀን አብሯት ተመላለሰ፤ የሥራ መሪው ደርሶበት አባረረው። እሷንም «እማማ፣ ክልክል ነው፣ ውረጂ» ቢላት፣ «የገዛ ጣሪያዬ ላይ ነው የቆምኩት» አለችው። እያጉረመረመ ሄደ።

እንዲህ ሰነበተች። ሰው አበደች አላት። ልብሳቸውን የሚፈልጉ ደንበኞች ሳንቃው ጋ ቆመው ይጠሯታል፤ ጆሮ አልሰጠቻቸውም። እግሯ ቆስሎ ጨርቁ ደም ነካ። ስንጥቁን ማየት ተወች። የታችኛዋ ድምፅ ግን በየቀኑ ትቀጥን ነበር፣ እሷም ለመስማት ርምጃዋን ታዘገይ ነበር።

አንድ ማለዳ ዝናቡ ጋብ ብሎ ወንዙ ብቻ ይጮሃል። ከጫፍ ተነስታ መጣች፣ ከአልጋው በላይ ደረሰች፤ ምንም የለም። አልሰማኝም ብላ ተመለሰች፣ ጠንክራ ረገጠች። ምንም የለም። ቆመች። የድንጋዩን አጥር ይዛ ወደ መስኮቱ ጎንበስ ስትል፣ ከታች ትንፋሹ ተሰማት፤ የሚጎተት፣ የሚጠብቅ፣ አንድ ነገር ካልተባለ የማይንቀሳቀስ ትንፋሽ። ልትሮጥና ልትወርድ አሰበች። ቁም ልትለው አሰበች፤ ቃሏ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበረች፣ ያን ሁሉ ቀን ያስተማረችው ቃል። መንገድ ዳር እንደቆመ ባለጋሪ ነበር የሚጠብቃት።

ያን ጊዜ ሚስቲቱ ደህና አድርጋ ቀና አለች፣ እጇን እሱ እንደሚያነሳው አነሳች፣ እንባዋን ሳትጠርግም፣ እሱ ሰው ሲያሳልፍ እንደሚለው አድርጋ፣

«እለፍ» አለችው።